ዛፍ ካርቦን ለማግኘት ይህን ሁሉ ውሃ ለምን ያወጣል?

አረንጓዴ ልብ
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ትምህርት ቤት የተማርነው አጭር ነው። ዛፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። እሺ። ግን በቅርቡ ሳነብ አንድ ትልቅ ዛፍ በሞቃት ቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ውሃ ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር እንደሚለቅ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለራሱ የሚያስቀረው በጣም ጥቂት ነው። ይሄ ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም። ውሃ ፍለጋ ሥሩን ስንት ሜትር ወደ ታች የሚሰድ ፍጥረት ያገኘውን መልሶ ለአየር የሚበትነው ለምንድን ነው? ቅጠሉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ውሃውን ለምን አይዝም?

ሌላው ደግሞ፣ ዛፎች ሌሊት እንደኛ ይተነፍሳሉ ይባላል። ታዲያ ቀን የወሰዱትን ሌሊት ከመለሱት ትርፉ የታል? «ደን ዝናብ ያመጣል» የሚሉ አሉ፣ «ዛፍ ምንጭ ያደርቃል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያወራው። የቱን ልመን?

በናታችሁ ቀለል አድርጋችሁ ንገሩኝ። ሒሳብ ካለበት ግን አልፈራም፤ እንዲያውም ቁጥር ያለበት ነገር ይበልጥ ይገባኛል።

ሥር ሰደድ
እህቴ፣ የጠየቅሽው የነገሩን እምብርት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

አጭሩ መልስ፣ ካርቦኑ የሚገባበትና ውሃው የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው። ዛፍ ሌላ መንገድ የለውም።

የቅጠል ገጽ በስስ ሰም የተሸፈነ ነው። ሰሙ ውሃ አያሳልፍም፣ አየርም አያሳልፍም ማለት ይቻላል። መግቢያና መውጫው በአብዛኛው ከቅጠሉ ጀርባ ያሉት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ስቶማታ ይባላሉ። በብዙ የዛፍ ዓይነቶች አንድ ካሬ ሚሊሜትር ቅጠል ላይ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ይደርሳሉ። እያንዳንዷን ቀዳዳ ሁለት ሴሎች ግራና ቀኝ አቅፈዋታል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ሴሎቹ ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ውሃ ፖታሲየሙን ተከትሎ ይገባል፣ ሴሎቹም ይነፋሉ። ሲነፉ ወደ ውጭ ይለመጣሉና መካከላቸው ይከፈታል። ውሃ ሲያጥር ደግሞ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይደርሳቸዋል፤ ፖታሲየሙ ይወጣል፣ ሴሎቹ ይሟሽሻሉ፣ ቀዳዳዋ ትዘጋለች። ጡንቻ የለ፣ ነርቭ የለ። በሴሎቹ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ነው ሁሉን የሚሠራው።

ሒሳብ አልፈራም ብለሻልና እንሥራው። ዛሬ ከባቢ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውል ከ420 በላይ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር። ለሒሳቡ 420 እንበል። ቅጠሉ ውስጥ ፎቶሲንተሲስ እየበላው ስለሆነ ወደ 290 ይወርዳል። ልዩነቱ 130 ነው። ጋዝ ከበዛበት ወዳነሰበት የሚሄደው በዚህ ልዩነት ነው እንጂ ዛፉ አየር ስቦ አያስገባም፤ ሳንባ የለውም።

አሁን ወደ ውሃው ነይ። የቅጠል ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ አየሩ በእንፋሎት የጠገበ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ እዚያ ውስጥ ከሚሊዮኑ ሞለኪውል 31,000 ያህሉ የውሃ እንፋሎት ነው። የውጩ አየር እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን የዚያ ግማሽ፣ 15,500 ይሆናል። ስለዚህ የውሃው ልዩነት 15,500 ነው፣ የካርቦኑ 130። ስታካፍይው ወደ 120 ይመጣል። በዚያ ላይ የውሃ ሞለኪውል ቀላል ስለሆነ 1.6 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይሰራጫል። 120ን በ1.6 ስታባዢ 190 ገደማ ታገኛለሽ። በቃ፣ አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል እስክትገባ 190 ያህል የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ ያውም ቀኑ ለዛፉ ምቹ ሆኖ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ደርሶ እርጥበቱ 30 በመቶ ላይ ሲወርድ ያው ሒሳብ ከ450 በላይ ይወስድሻል።

«ታዲያ ካርቦኑን አሳልፎ ውሃውን የሚያግድ ሽፋን ለምን አልተሠራለትም?» ትይ ይሆናል። የውሃ ሞለኪውል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል። ትልቁን አሳልፎ ትንሹን የሚያስቀር ወንፊት ደግሞ የለም። ዛፉ የሚችለው ነገር ቢኖር ቀዳዳዎቹን መቼና ምን ያህል እንደሚከፍት መወሰን ነው። ጠዋት አየሩ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ እያለ ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ካርቦን በርካሽ ይገኛል። እኩለ ቀን ላይ አየሩ ሲደርቅ ብዙ ዛፎች ያጠባሉ፣ አንዳንዶቹ ከሰዓት በኋላ መልሰው ከፈት ያደርጋሉ።

የሚወጣውም ውሃ እንዲሁ በከንቱ አይሄድም። ከቅጠሉ ሲተን ከኋላው ያለውን ውሃ ይስባል፣ ያ ደግሞ የኋለኛውን፣ እንዲህ እያለ ከሥር እስከ ጫፍ ድረስ አንድ የተያያዘ የውሃ ዓምድ ይንቀሳቀሳል፤ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ ዓምዱ ሲወጠር በቀላሉ አይበጠስም። ይህን ማብራሪያ ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ እ.ኤ.አ. በ1894 አቀረቡት፣ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። ከላይ ሆኖ በሚስብ ፓምፕ ውሃ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ካሊፎርኒያ ያለው ሃይፔሪየን የተባለው ሬድዉድ ዛፍ ግን ቁመቱ ከ115 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ቅጠልም ውሃ ያገኛል። ጉልበቱ የፀሐይ ነው። ከውሃው ጋር ናይትሮጅኑም፣ ፖታሲየሙም፣ ካልሲየሙም ከአፈር ተሳፍሮ ይወጣል። ቅጠሉም ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ዛፉ በቀን 100 ሊትር ካተነነ 68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ከአካባቢው ላይ አነሳ ማለት ነው።

አደጋውም እዚያው ነው። አፈሩም አየሩም ሲደርቅ ዓምዱ ከልክ በላይ ይወጠራል። ከዚያ ይበጠሳል፤ ውሃ ማመላለሻው ቧንቧ ውስጥ የአየር አረፋ ይገባል፣ ያ ቧንቧም ከሥራ ውጪ ይሆናል። ግንዱ ላይ ልዩ ማይክሮፎን ብታስሪ ሲበጠስ የሚያሰማው ድምፅ ይመዘገባል። ቀዳዳውን ቢዘጋ ካርቦን አጥቶ ይራባል፣ ቢከፍተው ውሃው ይበጠስበታል። ድርቅ ሲራዘም ዛፍ የሚሞተው በዚህ መካከል ተይዞ ነው።

አረንጓዴ ልብ
ዋው። ሒሳቡን ራሴ ደግሜ ሠርቼ ልክ መጣልኝ፣ ደስ ሲል። ስለዚህ «ለምን ውሃ ያባክናል» ከማለት «ካርቦን ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ ማለት ነው። ምክንያቱም አየር ውስጥ በጣም ስስ ነው። እሺ፣ የሌሊቱስ ነገር?

የማማው ሰው
የሌሊቱን ለኔ ተዉልኝ። ሥራዬ ከደን በላይ በሚቆሙ የመለኪያ ማማዎች ላይ ስለሆነ ይሄ ነገር በየቀኑ ፊቴ ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ አያውቅም። ማማው ከዛፎቹ ጫፍ ያልፋል። አናቱ ላይ ሁለት ዋና መሣሪያ አለ። አንደኛው በድምፅ ሞገድ ነፋሱን ይለካል፣ ሽቅብም ይሂድ ቁልቁል። ሁለተኛው በኢንፍራሬድ ጨረር በዚያችው ቅጽበት አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት ይለካል። ሁለቱም በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ። ከደን በላይ አየር ቀጥ ብሎ አይነፍስም፤ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ ይወጣል። የሚወርደው ሽክርክሪት ካርቦን በዛ ያለበት፣ የሚወጣው ደግሞ ያነሰበት ከሆነ፣ ልዩነቱን ደኑ ወስዶታል። ይህ በየግማሽ ሰዓቱ ይደመራል። እንዲህ ያሉ ማማዎች ዛሬ በመላው ዓለም በመቶዎች አሉ፣ መረጃቸውም ፍላክስኔት በሚባል መረብ ይሰበሰባል። አማዞን ውስጥ ያለው ትልቁ 325 ሜትር ነው።

አሁን ሌሊቱ። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ዛፉም አፈሩም የሚያወጣው ካርቦን የትም አይሄድም፣ ከዛፎቹ ሥር ተኝቶ ይጠራቀማል። መሬት አጠገብ ከሚሊዮን 500 ሲያልፍ ታያላችሁ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ነካ ስታደርገው አየሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ያ ሌሊቱን የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ለአጭር ጊዜ ሽቅብ ይዘላል። ከዚያ ቅጠሎቹ ሥራ ይጀምራሉ። የካርቦኑ መስመር ዜሮን አቋርጦ ቁልቁል ይወርዳል፣ የእንፋሎቱ መስመር ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ደመና ድንገት ፀሐይዋን ሲከልል ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። ሥር ሰደድ አንድ መንገድ ነው ያለው እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ይህን ስንቴ እንዳየሁት፣ አሁንም ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ዛፍ የሚተነፍሰው ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ቀንም ይተነፍሳል። ቀን ግን የሚወስደው ስለሚበልጥ አይታወቅም። በጥቅሉ ከወሰደው ካርቦን ግማሽ ያህሉን ለራሱ ኑሮ ያቃጥለዋል። ከቀሪው ብዙው ቅጠል ሆኖ ይረግፋል፣ ቀጭን ሥር ሆኖ ይሞታል፣ ከዚያ ፈንገስና ባክቴሪያ በልተውት ወደ አየር ይመለሳል። ማሳቹሴትስ ያለው የሃርቫርድ ደን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እየተለካ ነው። በዓመት በሄክታር ከ10 ቶን በላይ ካርቦን ይወስዳል፣ አብዛኛውን ይመልሳል፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ምናምን ዓመታት በአማካይ የተረፈው 2.5 ቶን ገደማ ነው። ትርፉ ያቺ ናት። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ከዓመት ዓመት ስትደመር ግንድ ትሆናለች፣ አፈር ትሆናለች።

በዓለም ደረጃም እንደዚያው ነው። የብስ ላይ ያሉ ዕፅዋት በዓመት ወደ 120 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይወስዳሉ፣ ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ይመለሳል። ሰው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚለቀው በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከሰው ልቀት 30 በመቶ የሚጠጋውን የሚይዙልን እነዚህ ዕፅዋትና አፈሩ ናቸው። ሃዋይ ላይ፣ ማውና ሎዋ ተራራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የአየሩ ካርቦን ይለካል። መስመሩ በየዓመቱ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው፣ ግን በመካከሉ በየዓመቱ ከሚሊዮኑ ወደ 6 ወይም 7 ያህል ወረድ ብሎ መልሶ ይወጣል። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደኖች በበጋቸው ቅጠል ሲያወጡ ይወርዳል፣ ሲያረግፉ ይወጣል። ውቅያኖስ መሀል ያለ ተራራ ላይ ሆኖ የሩቅ ደን ሲተነፍስ ማየት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ «ሌሊት ዛፍ ሥር የተኛ ይታፈናል» የሚባለውን እርሱት። ከሚሊዮን 500 ሰው አያፍንም።

የአፈር ወዳጅ
ሁላችሁም ወደ ላይ አያችሁ። እኔ ወደ ታች ልውሰዳችሁ።

ያን ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው በ17ኛው መቶ ዘመን አንድ የአኻያ ችግኝ ወደ 90 ኪሎ በሚጠጋ ደረቅ አፈር ውስጥ ተከለ። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ሲመዝነው ዛፉ 74 ኪሎ ገደማ ጨምሯል፣ አፈሩ የቀነሰው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። እሱ «እንግዲህ ሁሉ ከውሃ ነው» አለ። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። አፈር እንዳልሆነ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አየርን ግን አልጠረጠረውም።

ዛሬ ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ለመሥራት 1.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ደግሞ ከ0.8 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ እንጨት ከ2,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር ካርቦኑ ሙልጭ ብሎ መወሰድ አለበት። አረንጓዴ ልብ «በጣም ስስ ነው» ያልሽው ልክ ነው፤ ያን ስስ ነገር ለቃቅሞ ግንድ የሚያቆም ሌላ ምን አለ?

ስለ ኦክስጅንም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዛፉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፍሎ ኦክስጅኑን የሚመልስልን ይመስለዋል። የሚወጣው ኦክስጅን ከውሃው ነው። ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ካመን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1941 ከበድ ያለ የኦክስጅን ዓይነት እየተከተሉ አሳይተውታል። «አማዞን የምንተነፍሰውን 20 በመቶ ኦክስጅን ይሰጠናል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። አማዞን ብዙ ኦክስጅን ያመነጫል፣ እውነት ነው፤ ያንኑ ያህል ደግሞ እዚያው ዛፎቹ ሲተነፍሱና የወደቀው ቅጠል ሲበሰብስ ያልቃል። ያን ደን የሚያስፈልገን በያዘው ካርቦንና በሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነው፣ ይህ ብቻውን ከበቂ በላይ ነው።

አሁን የኔ ተወዳጅ ሙከራ። ሰሜን ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች የጥድ ዛፎችን ቅርፊት ዙሪያውን ቀለበት አድርገው ላጡት። ቅርፊቱ ውስጥ ነው ስኳር ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው። ውሃው የሚወጣበት እንጨት አልተነካም፣ ስለዚህ ቅጠሉ እንዳለ አረንጓዴ ነው። ስኳሩ ብቻ ተቋረጠ። በአምስት ቀን ውስጥ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ 37 በመቶ ቀነሰ፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የታተመው። አያችሁ፣ ዛሬ ቅጠሉ ከአየር የያዘው ካርቦን በቀናት ውስጥ ሥር ደርሶ፣ በሥሩና ከሥሩ ጋር በሚኖረው ፈንገስ ተተንፍሶ መልሶ ይወጣል። አፈር ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎተራ የሚመስለው ሰው ይሄን ቢያየው ደስ ይለኛል።

ዝናብ ናፋቂ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችሁም ዛፍን ስታወድሱ የሦስተኛውን ጥያቄ ዘለላችሁት። ራሳችሁ ባስቀመጣችሁት ሒሳብ ዛፍ በቀን መቶ ሊትር ካወጣ ያ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ከአፈር ነው። ከአፈር ካልሆነ ከምንጩና ከጅረቱ ነው። ሣር አጭር ሥር ነው ያለው፣ በደረቁ ወራት ይጠወልጋል፣ መጠጣቱን ያቆማል። ዛፍ ግን ጥልቅ ሥሩን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ዝናብም መሬት ሳይነካ ከዚያው ይተናል።

ይህ የኔ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብዙ አገር የተሰበሰበ መረጃ ታትሟል። ሣርና ቁጥቋጦ በነበረበት ቦታ ደን ሲተከል የጅረቶቹ ውሃ በአማካይ ወደ ግማሽ ወርዷል፣ 13 በመቶ የሚሆኑት ጅረቶች ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጭራሽ ደርቀዋል። ደን ሲቆረጥ የጅረት ውሃ እንደሚጨምር ደግሞ ከዚያ በፊትም በብዙ ተፋሰስ ተለክቷል። እኔ ዛፍ አልጠላም። ግን «ዛፍ ትከል፣ ውሃ ታገኛለህ» እየተባለ ሰው ሲተክል ኖሮ ታች ያለው ገበሬ ጅረቱ ሲደርቅበት ማን ይጠየቃል? ይህን ደፍሮ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

የማማው ሰው
ዝናብ ናፋቂ፣ ልክ ነህ፤ ያልከውን ጥናት አውቀዋለሁ፣ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው። ግን ታሪኩ ተፋሰሱ ላይ አያልቅም። ከጅረቱ የጎደለው ውሃ አልጠፋም፣ አየር ላይ ነው። ጥያቄው የት ሄዶ ይወርዳል ነው።

አማዞንን ውሰድ። እርጥበቱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል፣ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፣ ዛፎቹ መልሰው ያተኑታል፣ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ይወስደዋል፣ እንደገና ይዘንባል። ደኑ ባይኖር ውሃው ወንዝ ገብቶ ወደ ባሕር ይመለስ ነበር። ብራዚላዊው ሳይንቲስት ኤኔያስ ሳላቲ በ1970ዎቹ የዝናቡን የኦክስጅን ዓይነቶች እየለካ ይህን አሳየ፤ ከውቅያኖስ ብቻ የመጣ ዝናብ ቢሆን ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር መቀየር የነበረበት ያህል አልተቀየረም። ዛሬ ባሉት ግምቶች ከተፋሰሱ ዝናብ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነው እዚያው ከደኑ የተነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሞቃታማው ክልል አብዛኛው ቦታ ላይ፣ ባለፉት ጥቂት ቀናት በብዙ ዕፅዋት ላይ ያለፈ አየር ዕፅዋት በሌለበት ካለፈው ቢያንስ እጥፍ ዝናብ እንደሚሰጥ አሳይቷል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፣ የሚያዩት ርቀት ነው የተለያየው። ጥቂት ሄክታር ደን ለባለቤቱ ጅረት ዝናብ መልሶ አያመጣም፤ ደመናው እስኪሠራ ነፋሱ ርቆ ሄዷል። በሺህ ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ደን ግን ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ላሉት ዝናብ ያቀብላል። ስለዚህ የት ቦታ፣ ምን ዓይነት ዛፍ፣ ከምን በኋላ እንደሚተከል ሳይጠየቅ መልስ የለም። ደረቅ አገር ላይ ፈጣን ዛፍ በጅምላ መትከልና የነበረን ደን ከመቆረጥ ማዳን በጭራሽ አንድ ነገር አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

ዝናብ ናፋቂ
ይህን እቀበላለሁ። አንድ ግን ልጨምር፣ የድሮ ደን አፈር በሥርና በትል የተቦረቦረ ስለሆነ ዝናብን እንደ ልብ ያስገባል። ተቆርጦ ከብት ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፣ ውሃው ከላይ ይሄዳል፣ ጎርፍ ይሆናል። እንዲያ ያለ የተራቆተ መሬት ላይ ዛፍ ሲመለስ በደረቁ ወራት የምንጭ ውሃ የሚሻሻልበት ቦታ አለ።

አረንጓዴ ልብ
እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ካርቦን በአየር ላይ እየጨመረ ነው አላችሁ። ያኔ በሥር ሰደድ ሒሳብ ልዩነቱ 130 የነበረው ይሰፋል፣ ዛፉም ባነሰ ውሃ ያንኑ ካርቦን ያገኛል። ታዲያ ለዛፍ ጥሩ አይደለም? ደግሞ ይህን ሁሉ እኔ በዓይኔ ማየት የምችልበት መንገድ አለ?

ሥር ሰደድ
ሒሳቡን በትክክል ነው የያዝሽው። ካርቦን ሲበዛ ብዙ ዛፎች ቀዳዳቸውን ጠበብ ያደርጋሉ፣ በአንድ ሊትር ውሃ የሚያገኙት ካርቦንም ይጨምራል። ይህ በሙከራም ታይቷል። ግን ተጨማሪው ካርቦን ሁልጊዜ ግንድ አይሆንም። አውስትራሊያ ውስጥ ያረጀ የባሕር ዛፍ ደን ላይ ለዓመታት በሚሊዮን 150 ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለቀቀበት። ዛፎቹ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ካርቦን ወሰዱ፣ እድገታቸው ግን አልጨመረም። አፈሩ በፎስፎረስ ድሃ ስለነበረ ተጨማሪው ካርቦን ተተንፍሶ ተመለሰ፤ ግማሽ ያህሉ በአፈር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የታተመው። የአፈር ወዳጅ ከላይ የነገረሽ መንገድ ነው።

በሌላ በኩል አየሩ እየሞቀ ነው፣ ሲሞቅ ደግሞ የማድረቅ ኃይሉ ይጨምራል። 25 እና 35 ዲግሪ ላይ የሠራነውን አስታውሺ፤ ከካርቦን የተገኘው ቁጠባ በሙቀቱ ተመልሶ ሊበላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓ ላይ በወረደው ሙቀትና ድርቅ ማማዎቹ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ካርቦን ሲይዝ የኖረው ዕፅዋት በዚያ ዓመት በድምሩ ካርቦን ለቃቂ ሆነ።

ለማየት ሁለት ቀላል ነገር አለ። ፀሐያማ ጠዋት ላይ ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ምረጪ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት አልብሰሽ አፉን በገመድ ጥብቅ አድርገሽ እሠሪው። ብዙም ሳይቆይ ውስጡ በእንፋሎት ይደበዝዛል፣ ከዚያ ጠብታ ይሠራል፣ ከታች ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ሌላ ከረጢት ደግሞ ቅጠሉን ካራገፍሽለት ቅርንጫፍ ላይ እሠሪ። ልዩነቱን ታያለሽ። ለረጅም ሰዓት ግን አትተዪው፤ ውስጡ ስለሚግል ቅጠሉ ይቃጠላል።

ሁለተኛው፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ጀርባ ላይ በስሱ ቀቢ። በደንብ ሲደርቅ ጥርት ያለ ፕላስተር ለጥፈሽበት ቀስ ብለሽ ላጪው፣ መስታወት ላይ ለጥፊውና በማይክሮስኮፕ እዪው። ባለ 100 እጥፍ ማጉያ ካገኘሽ ይታያል፤ በየቦታው ሁለት ሁለት ሴሎች ፊት ለፊት ተያይዘው፣ በመካከላቸው ስንጥቅ። ፀጉር የሌለው ለስላሳ ቅጠል ይሻላል። ጠዋት የወሰድሽውንና በደረቅ ቀን እኩለ ቀን ላይ የወሰድሽውን ጎን ለጎን አድርገሽ ስንጥቆቹን አወዳድሪ፣ ያገኘሽውንም እዚሁ ለጥፊልን።